ለታወቀው እንባ፣ ላልታወቀው ቁጥር

ሞት ባለጸጋውንና ድኻውን፣ ሹሙንና ሎሌውን እኩል ያደርጋል እየተባለ ከጥንት ጀምሮ ይነገራል። ነገሩ በሞት በኩል እውነት ነው፤ በለቅሶ በኩል ግን ሐሰት ነው። አንድ ዘፋኝ ወይም አንድ ሯጭ ያረፈ እንደ ሆነ ከተማው ይናወጣል፤ መንገዱ ይዘጋል፤ ሬዲዮው ዜማውን ይለውጣል፤ ሟቹን በዐይኑ አይቶት የማያውቀው ሁሉ ያለቅሳል። በዚያው ቀን በየሆስፒታሉ፣ በየመንገዱ ዳርና በየገጠሩ ጎጆ የሞቱትን ግን ከቤተ ሰባቸውና ከጎረቤታቸው በቀር የሚያነሣቸው የለም። ይህ ለምን ይሆናል ብለው የሚጠይቁ ወጣቶች አሉ። ጥያቄው በቁጣ የተነገረ ጊዜ ሕዝቡን መስደብ ይሆናል። በእርጋታ የተመረመረ ጊዜ ግን ስለ ራሳችን ጠባይ ብዙ የሚገልጽልን ስለ ሆነ፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንመለከተው ወደድን።

ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ሻምበል አበበ ቢቂላ በ41 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው በቶኪዮ ድሉን የደገመ ጀግና ነበር። ከእርሱ በፊት ይህን ውድድር በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው አልነበረም። በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ሽባ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሲኖርም ሕዝቡ አልረሳውም። በቀብሩ ዕለት ንጉሠ ነገሥቱ ተገኙ፤ በ65,000 የሚገመት ሕዝብ አስከሬኑን ሸኘ፤ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያንም በወታደራዊ ሥርዓት ተቀበረ። ለቅሶው የሚገባው ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም።

ነገር ግን ከዚያ ሐሙስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 8 ቀን፣ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ ተዘዋውሮ ያዘጋጀው ፊልም በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ታይቶ ነበር። በዚያ ረኃብ የሞተው ሰው ስንት እንደ ሆነ የቈጠረ የለም። የኋላ ሰዎች የሰጡት ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። በግምቱ ታችኛና ላይኛ ጫፍ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ 160,000 ሰው ነው፤ አንባቢዎቻችን በዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለው እንዲያስቡበት እንለምናለን። ስለ አንዱ ሰው የሮጠበት ሰዓት ከነሴኮንዱ፣ የዐረፈበት ቀን ከነዕለቱ ተጽፎ ይገኛል። ስለ ሌሎቹ ግን አንድ መቶ ስድሳ ሺህ ሰው ይኑር አይኑር እንኳ አልታወቀም።

እንግዲህ ያን ጊዜ በቅዱስ ዮሴፍ ቅጥር ግቢ ያለቀሰው ሕዝብ ጨካኝ ነበርን? አልነበረም። አብዛኛው አያውቅም ነበር። ረኃቡ የመንግሥትን ስም ያጎድፋል ተብሎ ተሸፈነ፤ የጊዜውም ጋዜጣ ዝም አለ። አንዳንድ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ገንዘብ አሰባስበው ወሬውን ለማሰማት ቢሞክሩም ድምፃቸው ከግቢያቸው ብዙ አልራቀም። እንግሊዞች በጥቅምት ያዩትን ፊልም ኢትዮጵያውያን በቴሌቪዥን ያዩት መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ማታ ነው። ያየው ሁሉ አዘነ፤ ተቈጣም። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ፊልሙን ያሳዩት ሰዎች የፖለቲካ ዓላማ እንደ ነበራቸው የታወቀ ነው። ሆኖም ያልታወቀ ሰው ሞት የማያስለቅስ ቢሆን ኖሮ ለፖለቲካ ዓላማም ባልጠቀመ ነበር።

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ሐዘን ወሬን ተከትሎ የሚሄድ መሆኑን ነው። ጥንት በየሰፈሩ ጡሩምባ ነፊው በማለዳ ወጥቶ የሟቹን ስም ካልጠራ ለቅሶ የሚደርስ አልነበረም። በአገር ደረጃም ጡሩምባውን የያዘው ሰው ማን እንደሚለቀስለት ይወስናል። ስለ ትልቅ ሰውም ቢሆን እንዲሁ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ተሸሸገ፤ የአድዋው ንጉሥ እንደ ማዕርጋቸው በአደባባይ ሳይለቀስላቸው ቀረ። ስለዚህ ትልቅ መሆን ብቻውን እንባ አያመጣም። መነገር ያስፈልጋል።

መነገር ግን ብቻውን አይበቃም፤ ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። የወሬው ዓይነት አለ። አዳም ስሚዝ የተባለው የስኮትላንድ ፈላስፋ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1759 ባሳተመው ስለ ሰው ልብ ስሜት በሚናገር መጽሐፉ አንድ ነገር አስቦ ነበር። የቻይና አገር በምድር መናወጥ ከነሕዝቡ ቢጠፋ፣ በአውሮፓ የሚኖር አንድ ደግ ሰው ወሬውን ሰምቶ ያዝናል፤ ስለ ሰው ልጅ ከንቱነትም ጥቂት ቁም ነገር ይናገራል፤ ከዚያም ወደ ሥራውና ወደ ጨዋታው ይመለሳል፤ ሌሊትም ተኝቶ ያድራል። ይኸው ሰው ነገ ትንሿ ጣቱ ትቈረጣለች ቢባል ግን ዐይኑ አይከደንም። ስሚዝ ይህን የተናገረው ሰውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ስሜታችን በሚዛን የማይሠራ መሆኑን ለማሳየት ነው። መቶ ሰው ሲሞት ከአንድ ሰው ሞት መቶ እጥፍ አናዝንም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ እናንሳለን። ልብ ፊት ትፈልጋለች፤ ቁጥር ግን ፊት የለውም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በተባለው የቆሻሻ መጣያ የተከመረው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን የሐዘን ጊዜ ዐወጀ፤ ሰንደቅ ዓላማም ዝቅ ብሎ ተውለበለበ። የሚገባው ሁሉ ተደርጓል ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን ከከተማው ሕዝብ መካከል አንዱን አቁመን ከእነዚያ ሙታን የአንዱን ስም ንገረን ብንለው፣ የአካባቢው ሰው ካልሆነ በቀር የሚመልስልን አናገኝም። የጥላሁን ገሠሠን ስም ግን ሞቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ የተወለደ ሕፃን እንኳ ይነግረናል።

የጥላሁን ነገር ራሱን ችሎ ሊታይ ይገባዋል። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ በዓል ዕለት፣ የጥላሁን ሞት ተሰማ። ዶሮው ተሠርቶ፣ ጾሙ ተፈትቶ ሳለ በየቤቱ ለቅሶ ሆነ። በመንግሥት ክብር በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበር የሸኘውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ይህ ሁሉ ሰው የሟቹ ዘመድ ነውን? ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በአንድ በኩልም ዘመዱ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ድምፁ በሬዲዮ በኩል በየቤቱ ገብቶ ሲወጣ ኖሯል። ሰው ሲያፈቅር ከእርሱ ጋር አፍቅሯል፤ ሲሰደድ በካሴት ይዞት ተሰዷል፤ በዋሽንግተንም ሆነ በሮማ በናፍቆት ያለቀሰው በእርሱ ድምፅ ነው። ጥላሁን ሰሚዎቹን አንድ በአንድ አያውቃቸውም ነበር፤ እነርሱ ግን ያውቁት ነበር።

ሆርተንና ዎል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956፣ ቴሌቪዥን ገና አዲስ ነገር በነበረበት ጊዜ፣ ይህን ዓይነቱን ወዳጅነት መርምረው ጽፈውበታል። ባለቴሌቪዥኑ በመስኮቱ በኩል ፊት ለፊት ሲናገር ተመልካቹ ወዳጁ የሚያነጋግረው ይመስለዋል። ወዳጅነቱ ባንድ ወገን ብቻ የቆመ ነው፤ ይሁን እንጂ ስሜቱ ሐሰት አይደለም። ዛሬ ይህ መስኮት በየሰው ኪስ ገብቷል። ዝነኛው ሰው ጠዋት ሲነሣ የጠጣውን ቡና፣ የልጁን ልደት፣ የታመመ ጊዜ የተኛበትን አልጋ በስልክ እናያለን። የጎረቤታችንን ልጅ ስም ሳናውቅ የእርሱን ልጅ ስም እናውቃለን። እንግዲህ የሞተ ጊዜ ብናለቅስለት ምን ያስደንቃል? የሚያስደንቀው ባናለቅስ ነበር።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህን ደግሞ እናቶቻችን ከሊቃውንት በፊት ያውቁታል። ለቅሶ ቤት የተቀመጠች ሴት ሁሉ የምታለቅሰው ለዚያ ቤት ሟች ብቻ አይደለም። ሙሾ አውራጇ ቃሉን ስታወርድ አንዷ ያለፈውን ዓመት የሞተባትን ወንድሟን፣ ሌላዋ ወጥቶ የቀረ ልጇን እያሰበች ታለቅሳለች። የሰው ለቅሶ የራስ ሐዘን መውጫ በር ነው። የዝነኛ ሰው ሞት ደግሞ ይህን በር ለአገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፍተዋል። አበበ ሲቀበር ያለቀሱት ብዙዎች ለሮማው ማታ ለራሳቸው ወጣትነት አልቅሰዋል፤ ጥላሁን ሲቀበር ያለቀሱትም በዘፈኑ ለተጋቡበትና ለተለያዩበት ዘመን አልቅሰዋል። አንድ ትውልድ የራሱን ዕድሜ የሚለካበት ምልክት ሲወድቅ ራሱም እንደሚወድቅ ያስባል።

ዝና ብቻውን ይህን እንደማያደርግ የሚያሳይ ምሳሌም አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በነሐሴ 31 ቀን 1997 የእንግሊዟ ልዕልት ዳያና በፓሪስ በመኪና አደጋ በ36 ዓመቷ ሞተች፤ ሕዝቡ በለንደን ቤተ መንግሥት በር ላይ አበባ እንደ ክምር ከመረ። በመስከረም 5 ቀን፣ ቀብሯ ሊፈጸም አንድ ቀን ሲቀረው፣ ማዘር ቴሬዛ በካልካታ በ87 ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለቱም በዓለም የታወቁ ነበሩ፤ እኒህኛዋ በየመንገዱ የወደቁትን ሲያነሡ ኖረዋል። ሕንድ በመንግሥት ክብር ቀበረቻቸው፤ በቀረው ዓለም ግን የዳያና እንባ በለጠ። ምክንያቱን በሥራቸው ብንፈልግ አናገኘውም። አንደኛዋ ወጣት ነበረች፤ ኑሮዋ ገና ያላለቀ ታሪክ ነበር፤ ሞቷም ድንገተኛ ነበር። ሌላዋ ዕድሜ ጠግበው፣ ታመው ነው ያረፉት። በእኛም አገር የሽማግሌና የጎልማሳ ለቅሶ አንድ እንዳልሆነ ሁሉ የታወቀ ነው።

እስካሁን የተናገርነውን ያነበበ ሰው፣ እንግዲህ ለተራው ሰው የሚያለቅስለት የለም ማለታችሁ ነውን? ቢለን፣ መልሳችን እንዲህ አይደለም የሚል ነው። እንዲያውም ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለናል። የአደባባይ ለቅሶ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ለዝነኛው ሰው በስልኩ ላይ የሻማ ሥዕል አድርጎ «ነፍስ ይማር» ብሎ የጻፈው ወጣት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ በዚያው ስልክ የኳስ ጨዋታ ያያል። (ከዚያው ግቢ የሞቱትን አሮጊት ለመቅበር ግን ሥራ በዛብኝ ያለም አይጠፋም፤ ይህን እንለፈው።) ለተራው ሰው ድንኳን የሚተክል፣ ንፍሮ የሚቀቅል፣ ከሐዘንተኛው ጋር ሌሊት የሚያመሽ፣ እስከ ሠልስት የማይለይ፣ አርባውን የማይረሳ እድር አለው። ለአንድ የቀን ሠራተኛ ሞት ሃምሳ ሰው ሦስት ቀን ሥራውን ትቶ ቢቀመጥ፣ ይህ ከመቶ ሺህ ሰው የአንድ ቀን ሰልፍ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? በእኛ ሚዛን ይበልጣል።

እድር የተመሠረተው ይህን ነገር በማወቅ ነው። የእድሩ ሕግ ሟቹ ማን እንደ ነበረ አይጠይቅም፤ መዋጮውን ከፍሎ እንደ ሆነ ብቻ ይጠይቃል። ባለሱቁም ዘበኛውም በአንድ ድንኳን ሥር ይለቀስላቸዋል። አባቶቻችን ሐዘንን ለስሜት ቢተዉት ኖሮ ድኻው ሳይቀበር እንደሚቀር ስላወቁ፣ በመዝገብና በመቀጫ አሰሩት። ለቅሶ ያልደረሰ ይቀጣል። በዚህ የሚስቁ የተማሩ ወጣቶች አጋጥመውናል፤ እኛ ግን ከብዙ የማኅበራዊ ፍልስፍና መጻሕፍት የበለጠ ብልኅነት ያለበት ሕግ ሆኖ አግኝተነዋል።

ጭንቁ ያለው ከእድር ውጭ በሞቱት ላይ ነው። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ150 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን፣ ያሳፈረች ጀልባ በየመን ጠረፍ በአብያን አጠገብ ሰጠመች፤ ከ60 የሚበልጡት መሞታቸው ተነገረ፤ ቁጥሩም ከዚያ በኋላ ጨመረ። እነዚህ ሰዎች ከሰፈራቸው እድር ወጥተዋል፤ ወደሚሄዱበት አገር እድርም አልገቡም። ስማቸውን የያዘ የመንገደኛ መዝገብ አልነበረም። እናታቸው መርዶ ትስማ ወይስ ተስፋ ታድርግ የሚያውቅ የለም። በዐረብ አገሮች በቤት ሠራተኛነት ሄደው የሞቱትም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ናቸው፤ አስከሬናቸው በሣጥን ወደ ቦሌ ሲመጣ ከቤተ ሰባቸው በቀር የሚቀበላቸው አይኖርም። በአደባባይ የሚለቀስላቸው የሉም፤ የሰፈር ለቅሶም ዘግይቶ ነው የሚደርስላቸው።

የሰው ልብ ለማያውቀው ፈጽሞ የተዘጋ ነው እንዳንል ደግሞ የሚከለክለን ነገር አይተናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ ሲበር በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ቱሉ ፈራ በተባለው ቦታ፣ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች ሁሉ አለቁ። ከ30 በላይ አገሮች ዜጎች ነበሩ። የዚያ አካባቢ ገበሬዎች ስማቸውን ለማይጠሩት፣ ቋንቋቸውን ለማያውቁት ሰዎች እንደ ዘመድ ሞት ወጥተው በጉድጓዱ ዙሪያ አለቀሱ፤ ከባሕር ማዶ የመጡትን ሐዘንተኞችም አብረው አስለቀሱ። ያዘዛቸው የለም፤ በቴሌቪዥንም የተዋወቁት ሟች የለም። ሞቱ በምድራቸው ላይ ስለ ወደቀ ብቻ የእነርሱ ሆነ።

አንዳንድ አገሮች ደግሞ ይህን በብልኀት አድርገውታል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አስከሬናቸው ያልተለየ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ወታደሮች ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኅዳር 11 ቀን 1920 እንግሊዞች ከእነዚህ አንዱን፣ ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ፣ አምጥተው በዌስትሚንስተር በነገሥታቱ መቃብር መካከል ቀበሩት፤ ፈረንሳዮችም በዚያው ዕለት ለራሳቸው ያልታወቀ ወታደር በፓሪስ የድል ቅስት ሥር ቦታ ሰጡት። በለንደን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በመቃብሩ ፊት አለፈ። እያንዳንዷ እናት የእኔ ልጅ ሊሆን ይችላል ብላ ነበር የምታልፈው። ብዙዎቹን በአንድ ሣጥን ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። በእኛም ከተማ ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ይኸው ሥራ አለው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በሦስት ቀን ውስጥ ፋሺስቶች የገደሉት ሕዝብ በኢትዮጵያ መንግሥት ቁጥር 30,000 ነው፤ የአብዛኛው ስም በየትም አልተጻፈም። ተማሪዎቻችን በየቀኑ በአጠገቡ ሲያልፉ ሐውልቱን እንደ መንገድ ምልክት ብቻ ቢያዩት እናዝናለን።

ይህን ሁሉ የምንናገረው ለእንባ ብለን ብቻ አይደለም። ሐዘን ባለበት ገንዘብና ሕግ ይከተላል፤ ቁም ነገሩም ይህ ነው። ሮክ ሐድሰን የተባለው የአሜሪካ የፊልም ተዋናይ በኤድስ በሽታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት 2 ቀን 1985 ሲሞት፣ በዚያች አገር በዚሁ በሽታ ከእርሱ በፊት ብዙ ሺህ ሰዎች ሞተው ነበር። ስለ እነርሱ የተነገረው በጥቂቱ ነው። የእርሱ ፊት በየጋዜጣው ከወጣ በኋላ ግን ሕዝቡ ስለ በሽታው መነጋገር ጀመረ፤ ምክር ቤቱም ብዙም ሳይቆይ ለምርምሩ የሚሰጠውን ገንዘብ ከፍ አደረገ። ስለዚህ የዝነኛ ሰው ለቅሶ ከንቱ ነው አንልም። ብዙዎች ለዝነኛው ያለቅሱ እንጂ ለእኛም ይተርፈናል የሚል ሰው ቢኖር ግን፣ ዝነኛ ሰው የማይሞትበት በሽታና ዝነኛ ሰው የማይሄድበት መንገድ አለ እንለዋለን። በጀልባ ወደ የመን የሚሻገር ዝነኛ የለም። ከቆሻሻ ክምር ሥር ቤት የሠራ ዝነኛ የለም።

ጋዜጣ በበኩሉ ሊያደርገው የሚችለው ምን እንደ ሆነ የታየ ነገር ነው። የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከመስከረም 11 ቀን 2001 አደጋ በኋላ የሟቾችን አጭር አጭር ታሪክ በየቀኑ ማተም ጀመረ፤ ከ1,800 በላይ የሚሆኑ ሰዎችንም እንዲህ አድርጎ ለአንባቢ አስተዋወቀ። የጽሕፈት ቤት አጽጂውና የባንክ ሹሙ እኩል መስመር ነበራቸው። አንዱ ዓሣ ማጥመድ ይወድ ነበር፤ ሌላዋ ለልጇ ልብስ ትሰፋ ነበር በሚል ዓይነት ነው የተጻፈው እንጂ በሹመት አይደለም። በኮሮና ወረርሽኝ ዘመንም፣ በግንቦት 24 ቀን 2020፣ በአሜሪካ የሞተው ሰው ወደ 100,000 ሲቃረብ፣ ይኸው ጋዜጣ የፊት ገጹን ያለ ፎቶግራፍ በስም ብቻ ሞላው፤ የ1,000 ሰዎች ስምና ስለ እያንዳንዱ አንድ ሐረግ። ከሟቾቹ መቶኛው እጅ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ አንባቢው መቶ ሺህ የሚለውን ቃል ያን ዕለት ተረዳው።

በእኛ ጋዜጦች የመኪና አደጋ ወሬ ብዙ ጊዜ እንዴት እንደሚጻፍ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ይህን ያህል ሰው ሞተ፤ ይህን ያህል ቈሰለ፤ ይህን ያህል ብር የሚገመት ንብረት ጠፋ። የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር አንዳንዴ ይጻፋል፤ የሟቹ ስም አይጻፍም። ሪፖርተሩን ብንጠይቀው ከፖሊስ የተሰጠኝ ይህ ነው ይለናል፤ ፖሊሱም ቅጹ የሚጠይቀኝ ይህን ነው ይለናል። የቤተ ሰብ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መርዶ በጋዜጣ አይነገርም የሚለውን እናከብራለን። ሠልስቱ ካለፈ፣ ቤተ ሰቡም ከፈቀደ በኋላ ግን ዕድሜውን፣ ሥራውን፣ ስንት ልጅ እንደ ተወ በሁለት መስመር መጻፍ የሚከለክል ነገር አይታየንም።

ወጣት ሹማምንት ደግሞ ከጋዜጠኛው የበለጠ ሥልጣን በእጃቸው አለ። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ ማለት ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን በመንግሥት መዝገብ የመጻፍ ሥራ፣ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የሞተው ኢትዮጵያዊ እጅግ የሚበዛው መሞቱን የሚመሰክር አንድ ወረቀት ሳይኖረው ዐፈር ለብሷል። ዛሬም ብዙ ሞት ሳይመዘገብ ያልፋል፤ ሐዘንተኛ ከቀብር ተመልሶ ወደ ቀበሌ ለመሄድ ምን ልብ አለው? ውርስ ወይም ጡረታ ያለው ለጥቅሙ ብሎ ይሄዳል፤ ምንም የሌለው ሰው ሞት ይቀራል። እንዲህ ሲሆን በምን በሽታ፣ በየትኛው ወረዳ፣ በስንት ዓመቱ ሰው እንደሚሞት ሳናውቅ የጤና ጥበቃ በጀት እንመድባለን። ለወሎው ረኃብ ከ40,000 እስከ 200,000 የሚል ግምት የተተወልን ስማቸውን የጻፈ ሰው ስላልነበረ ነው።

ሕጉ ሞት እንዲመዘገብ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። ይህ ማለት ከአርባው ዐሥር ቀን ቀደም ብሎ ነው። በእያንዳንዱ ሰፈር እድር አለ፤ በእያንዳንዱ እድር ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለ፤ የሟቹም ስም፣ ዕድሜና የቅርብ ዘመድ ለቀብሩ ወጪ ሲባል በእድሩ መዝገብ አስቀድሞ ተጽፏል። በቀበሌ ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ አንድ ወጣት የመዝገብ ሹም በወር አንድ ቀን የሰፈሩን የእድር ጸሐፊዎች ቢጠራና ቤተ ሰቡን ወደ ምዝገባው የሚያመጡበትን መንገድ አብሮ ቢመክር፣ ለዚህ አዲስ አዋጅም አዲስ በጀትም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የእድሩን የስብሰባ ቀን ማወቅ ነው፤ ይህም በየሰፈሩ የታወቀ ቀን ነው።